እንደ ራስ የሚሆን ሰው፤ ስለ ውክልና ወረቀት ለቤተሰብ የቀረበ ምክር

በቋንቋችን ውስጥ ብዙ ትርጕም ጠቅልለው ከያዙት ቃላት አንዱ «እንደራሴ» የሚለው ነው። ቢፈቱት «እንደ እኔ፣ እንደ ራሴ» ማለት ይሆናል። በ1909 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተብለው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የመንግሥቱን ሥራ በያዙ ጊዜ የተሰየሙት በዚህ ቃል ነበር። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላም፣ በአሥመራ ተቀምጦ ንጉሠ ነገሥቱን የሚወክለው ባለሥልጣን በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። እነዚህ ታላላቅ እንደራሴዎች በታሪክ መጻሕፍት ተጽፈው ይገኛሉ። ነገር ግን በየቀኑ፣ በየከተማው፣ ስማቸው በታሪክ የማይጻፍ ሌሎች እንደራሴዎች ይሾማሉ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደ ውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ሄዳ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ስትፈርም ወይም አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ስታትም፣ በቤቷና በገንዘቧ ላይ እንደ ራሷ የሚሆን ሰው መሾሟ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የውክልናን ትርጕም ሲሰጥ የተጠቀመበት ይህንኑ ቃል ነው። ተወካዩ የወካዩ እንደራሴ ሆኖ፣ በወካዩ ስም ሕጋዊ ሥራ ይሠራል። የሚፈርመው ፊርማ እንደ ወካዩ ፊርማ ይቈጠራል፤ የሚገባውም ዕዳ የወካዩ ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ በየቤታችን እንደ ተራ ጉዳይ የሚታየው ይህ ወረቀት ምን እንደ ሆነ፣ እስከ የት እንደሚደርስ፣ በምንስ እንደሚጠበቅ ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ወረቀቱ በባኬ ጃማ አገር

ባኬ ጃማ በሚለው ስሟም የምትታወቀው ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ጊምቢ፣ ነጆ፣ መንዲና ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከእርሷ አልፈው ይገኛሉ። የዚህ አገር ሰው ጉዳዩ በአንድ ስፍራ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። ቤቱ በነቀምቴ፣ የቡና ይዞታው በጊምቢ አካባቢ፣ የባንክ ሒሳቡ በአዲስ አበባ፣ ልጁ ደግሞ በጀርመን ወይም በአሜሪካ ሊሆን ይችላል። በውጭ ገበያ ከከተማይቱ ስም የተነሣ «ለቀምት» እየተባለ የሚሸጠው ቡና እንኳ ከገበሬው እጅ ወጥቶ ወደብ እስኪደርስ ድረስ በብዙ ሰዎች እጅና ፊርማ ያልፋል። እንግዲህ ሰው በሁሉ ስፍራ መገኘት የማይችል ስለ ሆነ፣ በሌለበት የሚቆምለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

በወረቀትና በማኅተም ሰውን መተካት ለነቀምቴ አዲስ ነገር አይደለም። በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ዛሬ ሙዚየም ሆኖ በከተማይቱ ይገኛል። ከዚያ ቤት የተገኙትን የአማርኛ ደብዳቤዎች ፕሮፌሰር ተሰማ ታአ እና ኢጣልያዊው ምሁር አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እንዲታተሙ አድርገዋል። በዚያ ዘመን ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ የላኪውን ቃል ተሸክሞ ይሄድ ነበር፤ ተቀባዩም ማኅተሙን አይቶ ያምን ነበር። የዛሬው የውክልና ወረቀትም የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው። ባንኩ፣ ማዘጋጃ ቤቱና ገዢው የወካዩን ፊት አያዩም፤ የሚያዩት ወረቀቱን ነው። በወረቀቱ ላይ የሰፈረውም ቃል፣ ወካዩ በልቡ ካሰበው የሰፋ ቢሆን እንኳ፣ እንደ ወካዩ ቃል ይወሰዳል።

ጦቢትና ሲራክ

በቅዱሳት መጻሕፍታችን ስለዚህ ነገር የሚያስተምሩን ሁለት አባቶች አሉ። አንደኛው ጦቢት ነው። ጦቢት በሜዶን አገር በራጌስ ከተማ በገባኤል ዘንድ ዐሥር መክሊት ብር አስቀምጦ ነበር። በነነዌ ሳለ ዓይኑ ታውሮ፣ ኑሮው ደኽይቶ ሞቱን በተጠባበቀ ጊዜ ልጁን ጦብያን ጠርቶ የገንዘቡን ነገር ነገረውና በእጅ የተጻፈውን ሰነድ ሰጠው። መንገዱን የሚያውቅ የታመነ ሰው እንዲፈልግና ለዚያውም ሰው ደመወዝ እንዲከፈለው አዘዘ። የተገኘውም ሰው፣ አዛርያስ ነኝ ብሎ የቀረበው መልአኩ ሩፋኤል ነበር፤ በቀን አንድ ድሪም ከነስንቁ ተወሰነለት። ጦብያ በሠርጉ ምክንያት በመንገድ በቆየ ጊዜ ሰነዱን ለሩፋኤል ሰጥቶ ወደ ገባኤል ላከው፤ ገባኤልም ማኅተማቸው ያልተነካ ከረጢቶች አውጥቶ አስረከበው።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ የተደረገውን ልብ በል። ዕውሩ ሽማግሌ ያለውን ሁሉ ለሌላ ሰው አላስረከበም። አንድ ጉዳይ ለይቶ፣ መጠኑ የታወቀ ገንዘብ ከታወቀ ሰው እንዲቀበሉለት፣ በጽሑፍ ላከ። ለሠራተኛውም ደመወዙን አስቀድሞ ወሰነ። ገንዘቡም ሳይጐድል ወደ ቤቱ ደረሰ።

ሁለተኛው ሲራክ ነው። ሲራክ በብርቱ ቃል ይመክራል፤ ሰው በሕይወቱ ሳለ ለልጁም ቢሆን ለሚስቱ፣ ለወንድሙም ቢሆን ለወዳጁ በራሱ ላይ ሥልጣን እንዳይሰጥ፣ ኋላም ተጸጽቶ ለገዛ ገንዘቡ ለማኝ እንዳይሆን ያስጠነቅቃል። አንተ የልጆችህን እጅ ከምታይ ልጆችህ አንተን ቢለምኑ ይሻላል የሚል ምክር ነው። ይህ ቃል በችኰላ ሲያነቡት በልጅና በወንድም ላይ ያለመታመን ይመስላል። ነገር ግን ከጦቢት ታሪክ ጋራ አስተያይቶ ያነበበው ሰው ሁለቱ እንደማይጣሉ ይረዳል። ሲራክ የከለከለው ሰው ራሱን አሳልፎ መስጠትን ነው፤ ጦቢት የሰጠው ግን አንድን ጉዳይ ነው። በውክልና ነገር ጥበብ የሚባለውም ይህን ልዩነት ማወቅ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ረኔ ዳቪድ በተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ረቂቁ የተዘጋጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል። መንግሥታት ሲለዋወጡ ከሕጉ ብዙ ክፍሎች ቢሻሩም፣ ስለ ውክልና የሚናገረው ክፍል እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሕጉ ውክልናን በሁለት ይከፍለዋል፤ ጠቅላላ ውክልናና ልዩ ውክልና። በቁጥር 2203 እና 2204 እንደ ተደነገገው፣ በጠቅላላ አነጋገር ብቻ የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ እንጂ ከዚያ ያለፈ ሥልጣን አይሰጥም። የአስተዳደር ሥራ የተባለውም ንብረትን መጠበቅና ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ የሚሰበሰብ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ከንብረቱ የሚገኘውን ገቢ ሥራ ላይ ማዋል፣ ዕዳ መክፈል፣ የአዝመራ ፍሬንና ለሽያጭ የተዘጋጀ ወይም የሚበላሽ ዕቃን መሸጥ ነው። ከዚህ ያለፈው ሁሉ በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ይኸውም ቤትን የመሰለ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም በመያዣ መስጠት፣ ዋና ገንዘብን በንግድ ማግባት፣ የሐዋላ ሰነድ መፈረም፣ መታረቅ፣ በግልግል ዳኝነት መስማማት፣ ስጦታ ማድረግ፣ በፍርድ ቤት መክሰስና መከሰስ ነው።

ነገሩን ወደ አገራችን አምጥተን ብናየው እንዲህ ነው። አንድ የጊምቢ ባለ ቡና ለወንድሙ ጠቅላላ ውክልና ቢሰጥ፣ ወንድሙ የደረሰውን ቡና አስለቅሞ መሸጥ ይችላል። በነቀምቴ ያለውን ቤት ግን ሊሸጥ አይችልም። ፍሬውን እንጂ ግንዱን አልተሰጠውምና ነው። ስለ መሬት ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። ከ1967ቱ አዋጆች ወዲህ መሬት የግል መሆኑ ቀርቷል፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረትም መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ባለ ይዞታው ራሱ ሊሸጠው የማይችለውን መሬት ተወካዩ ሊሸጠው አይችልም፤ ወካይ የሌለውን ሥልጣን ለሌላ መስጠት አይችልምና። የባልና የሚስት የጋራ ቤትም እንዲሁ ነው። ያለ ሁለቱ ስምምነት የማይሸጥ ስለ ሆነ፣ ከባል ብቻ ወይም ከሚስት ብቻ የተሰጠ ውክልና ለሽያጩ አይበቃም።

ችግሩ የሚጀምረው ከቅጹ ነው

ሕጉ እንዲህ ለይቶ ካስቀመጠው ታዲያ የብዙ ቤተሰብ ክርክር ከየት ይመጣል? የሚመጣው ከተለመደው የወረቀት አጻጻፍ ነው። ጉዳያቸው ኪራይ መሰብሰብ ብቻ ለሆነ ሰዎች እንኳ፣ ጸሐፊው አስቀድሞ በተዘጋጀው ቅጽ ላይ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲሰጥ፣ በመያዣ እንዲያስይዝ፣ ከባንክ እንዲበደር፣ ሦስተኛ ወገን እንዲወክል» እያለ ሁሉን በአንድ ላይ ያትመዋል። ርእሱ «ጠቅላላ ውክልና» ይባል እንጂ በውስጡ ልዩ ልዩዎቹ ሥልጣኖች ሁሉ በስም ተጠርተው ገብተዋል። ፈራሚው ግን ርእሱን ብቻ ሰምቶ ይፈርማል።

ከዚህ የሚደርሰውን ጉዳት ለማስረዳት ያህል በምሳሌ እንናገር። በነቀምቴ የሚኖሩ፣ ጎረቤት ሁሉ «አዴ» እያለ የሚያከብራቸው አንዲት ባልቴት አሉ እንበል። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የቀረላቸው በአስፋልቱ ዳር ያለ ባለ ሦስት ሱቅ ቤት ነው። ታላቁ ልጅ በከተማው ይነግዳል፤ ሴቷ ልጅ በጀርመን አገር ናት፤ ትንሹ በአዲስ አበባ ሠራተኛ ነው። የእናቲቱ ጉልበት ሲደክም ታላቁ ልጅ፣

«እማዬ፣ ከእንግዲህ ባንክ ቤት ተሰልፈሽ አትድከሚ፤ ኪራዩን እኔ እሰበስብልሻለሁ። አንድ ቀን አብረን ሄደን ውክልና ስጪኝ» ይላቸዋል።

እርሳቸውም «እሺ ልጄ፤ አንተን ካላመንሁ ማንን ላምን ነው?» ብለው ሄደው ይፈርማሉ።

ሁለት ዓመት ያልፋል። የልጁ ንግድ ይከስርና የባንክ ብድር ይፈልጋል። ባንኩ መያዣ ሲጠይቀው ያን ወረቀት ያወጣል፤ በወረቀቱም ላይ «በመያዣ እንዲያስይዝ» የሚል ቃል አለበት። ልጁ ሌባ አይደለም፤ በስድስት ወር ከፍዬ አወጣዋለሁ ብሎ ያስባል፤ እናቱንም ላለማስጨነቅ አይነግራቸውም። ብድሩ ግን ሳይከፈል ይቀርና ቤቱ ለሐራጅ ይወጣል። እናቲቱ ነገሩን የሚሰሙት በበራቸው ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። ልጅቱ ከጀርመን እያለቀሰች ትደውላለች። ትንሹ ወንድም ታላቁን ይከሳል። ከዚያ ወዲያ በፋሲካ አብረው አይፈስኩም።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልገን አላገኘንም። እናቲቱ በፍቅር ሰጡ፤ ልጁም ሲቀበል አታለልሁ ብሎ አልተቀበለም። ወረቀቱ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ተናግሮ ነበር። በወረቀቱ ላይ «የሦስቱን ሱቆች ኪራይ እንዲሰበስብና በስሜ በተከፈተው ሒሳብ ገቢ እንዲያደርግ» የሚል ብቻ ቢጻፍ ኖሮ፣ በጨነቀው ቀን ወደ ባንክ የሄደው ልጅ «ይህ ወረቀት ለመያዣ አይሆንም» ተብሎ በተመለሰ ነበር። ጠባቡ ወረቀት እናቲቱን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ከራሱ የችግር ቀን ፈተና ይጠብቀው ነበር ማለት ነው።

ከመፈረም አስቀድሞ

ከዚህ የተነሣ ለቤተሰብ የሚጠቅሙትን ምክሮች በተራ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ጉዳዩን መለየት ነው። «ምን እንዲሠራልኝ ነው የምወክለው?» ብሎ ራስን መጠየቅና መልሱን ብቻ ማጻፍ ይገባል። ኪራይ ከሆነ ኪራይ፣ ጡረታ መቀበል ከሆነ ጡረታ፣ የአንድ ቤት ሽያጭ ከሆነ የቤቱን የካርታ ቍጥርና የሚገኝበትን ስፍራ ጠቅሶ፣ ቢቻልም ከዚህ ዋጋ በታች እንዳይሸጥ ብሎ መወሰን ነው። በባንክ ስለሚሠራ ጉዳይ ደግሞ የባንኩን ስምና የሒሳቡን ቍጥር መግለጽ፣ ማስገባትንና ማውጣትን ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱን ማስነበብ ነው። በኦሮሚያ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን በፌዴራሉ መሥሪያ ቤት አማርኛ ነው። ፈራሚው በማይሰማው ቋንቋ የተጻፈውን በሚሰማው ቋንቋ ሳያስተረጕም መፈረም የለበትም። ማንበብ የማይችሉ አረጋውያንም ከተወካዩ በቀር ሌላ የሚያምኑት ሰው ከዳር እስከ ዳር ያንብብላቸው። የሚያነብላቸው ተወካዩ ራሱ ብቻ ከሆነ ነገሩ አልተጠበቀም።

ሦስተኛ፣ «ሦስተኛ ወገን እንዲወክል» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ማየት ነው። ሕጉ ተወካይ ሥራውን በራሱ እንዲሠራ ያዝዛል፤ በሌላ የሚተካው ወካዩ ሲፈቅድለት ነው። ይህ ቃል ከገባ፣ እናት ለልጇ የሰጠችው ሥልጣን እርሷ ወደማታውቀው ሰው ሊሻገር ይችላል። ከባድ ለሆነ ጉዳይ ሁለት ልጆችን በአንድነት ወክሎ፣ ያለ ሁለቱ ፊርማ እንዳይሠራ ማድረግም ይቻላል።

አራተኛ፣ በሕጋዊው መንገድ ማስመዝገብ ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚሠራበት በአዋጅ ቍጥር 922/2008 መሠረት፣ የውክልና ሰነድም ሆነ የውክልና መሻሪያ ካልተረጋገጠና ካልተመዘገበ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። በክልል ከተሞች ያለ ሰው ወካዩን ይዞ በዚያው ባለው የማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይፈጽማል። በውጭ አገር ያለ ደግሞ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ይፈርማል፤ ሰነዱም ወደ አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቀርቦ ይረጋገጣል። በርቀት ያለ ሰው ካለበት ሁኔታ የተነሣ የሚሠራውን በዓይኑ ማየት ስለማይችል፣ ከሁሉ ይልቅ ወረቀቱን ማጥበብ የሚገባው እርሱ ነው።

አምስተኛ፣ ቅጂውን ማስቀመጥ ነው። የተረጋገጠውን ሰነድ አንድ ቅጂ ወካዩ ለራሱ ይያዝ፤ ሌሎቹም ልጆች ወረቀቱ መኖሩንና ምን እንደሚል ይወቁ። በስውር የተሰጠ ውክልና፣ ምንም እንኳ ክፋት ባይኖርበት፣ ኋላ ሲገለጥ ክፋት ይመስላል።

የሰጡትን መመለስ

ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ከፈረምሁ በኋላ ምን ማድረግ እችላለሁ ብሎ ተስፋ ይቈርጣል። ይህ ስሕተት ነው። ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻርና ወረቀቱን አምጣ ብሎ መቀበል ይችላል፤ ምክንያት መስጠትም አይገደድም። «ውክልናዬን ከቶ አልሽርም» የሚል ቃል በወረቀቱ ቢገባ እንኳ ሕጉ ዋጋ አይሰጠውም። የቀድሞ ጌታው ቀና ልብ ኖሮት የሰጠውን በቀና ልብ መልሶ መውሰዱ ነውር አይደለም።

ነገር ግን በአፍ «ሽሬዋለሁ» ማለት አይበቃም። መሻሪያውን በጽሑፍ አድርጎ ማስመዝገብ፣ የተሰጠውን ወረቀት ማስመለስ፣ ከዚያም ወረቀቱ ሊታይባቸው ለሚችሉት ለባንኩ፣ ለማዘጋጃ ቤቱና ለተከራዮቹ በጽሑፍ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ይህን ያላደረገ ሰው፣ መሻሩን ሳያውቅ በቅን ልቡና ከተወካዩ ጋራ ለተዋዋለ ሰው ኃላፊ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለ፣ በጽሑፍ የሰጡት የሚመለሰውም በጽሑፍ ነው።

በዚህ ላይ የወለጋ ሰው ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ ማብቂያ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ በወለጋ ብዙ ስፍራዎች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ሦስት ወራት ያህል በውጭ ያለ ልጅ እናቱን፣ በአዲስ አበባ ያለ ወንድም ወንድሙን በስልክ ማግኘት አይችልም ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ «ከመሥራትህ በፊት ደውለህ ጠይቀኝ» የሚል የቃል ስምምነት ይቋረጣል፤ ወረቀቱ ግን ብቻውን ይናገራል። ስለዚህ በስልክ እንነጋገራለን ተብሎ የታሰበው ገደብ ሁሉ አስቀድሞ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። የሚያበቃበት ቀንም ይወሰን፤ ለአንድ ዓመት የተሰጠ ውክልና ዓመቱ ሲሞላ ይመረመራል፣ አስፈላጊ ከሆነም ይታደሳል።

ስለ እርጅናና ስለ ሞት

ልጆች ብዙ ጊዜ «አባታችን አርጅቷል፤ አእምሮው ሳይደክም ውክልና እናስፈርመው» ይላሉ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ወካዩ አእምሮው ቢደክም እንኳ የሚጸና፣ የሚመዘገብ ልዩ የውክልና ዓይነት በሕግ ተፈቅዷል። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን አይተው በአገራችንም እንደዚያው የሆነ ይመስላቸዋል። የእኛ ሕግ ግን በቁጥር 2232 እንደሚናገረው፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ወይም በሕግ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። አእምሮው የደከመ ሰው ንብረቱን መጠበቅ ቢያስፈልግ ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ሰውየው በፍርድ ከተከለከለ በኋላ ሞግዚት ይሾምለታል። የሚናገረውን ከማያውቅ ሽማግሌ ጣት ላይ ቀለም አስነክቶ ማተም ግን ውክልና አይደለም።

ከሞት በኋላ ያለውም ነገር እንዲሁ ነው። አባት ካረፈ ንብረቱ የወራሾቹ ነው፤ ወራሾቹም በፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥተው ይካፈላሉ። ትናንት የአባቱ ተወካይ የነበረው ልጅ ዛሬ እንደ ሌሎቹ ወንድሞቹና እኅቶቹ አንድ ወራሽ ነው። የአባቱ አስከሬን ከተቀበረ በኋላ ያን ወረቀት ይዞ ወደ ባንክ ወይም ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚሄድ ሰው የሞተን ሰው እጅ ይዞ እንደሚያስፈርም ይቈጠራል። በተወካዩ እጅ ያለ አንድ አስቸኳይ ጉዳይ ቢኖር እንኳ፣ ወራሾቹ እስኪረከቡት ድረስ ንብረቱ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው እንጂ ለራሱ ማድረግ አይደለም።

ለተወካዩ

እስከዚህ የተናገርነው ለሰጪው ነው፤ ለተቀባዩም ጥቂት ቃል አለን። ሕጉ ተወካዩ በፍጹም ቅንነት፣ ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራ ያዝዛል። የትጋቱንም መጠን ሲወስን፣ እንደ አንድ መልካም የቤተሰብ አባት ሊጠነቀቅ ይገባዋል ይላል። ይህ አነጋገር ከጥንታውያን ሮማውያን ሕግ ሲወርድ የመጣ ነው፤ በእኛም ዘንድ ትርጓሜ የሚያስፈልገው አይደለም። መልካም አባት ለልጆቹ የሚገዛውን እኽል መዝኖ ይገዛል፤ በአደራ የተቀበለውንም ከራሱ ገንዘብ ጋራ አያቀላቅልም።

ስለዚህ ተወካይ የሆነ ሁሉ አንድ ደብተር ይኑረው። የተቀበለውን ኪራይ፣ የከፈለውን ግብር፣ ለእድሳት ያወጣውን፣ ቀኑንና ደረሰኙን እየጻፈ ያኑር። ተወካይ ስለ ተቀበለው ገንዘብ ሁሉ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ የወካዩን ገንዘብ ለራሱ ጉዳይ ቢያውለው ከነወለዱ ይጠየቃል። የወካዩን ቤት ራሱ ሻጭ፣ ራሱ ገዢ ሆኖ በስሙ ቢያዛውር ደግሞ ወካዩ ውሉን ሊያስፈርሰው ይችላል። ድካሙ የሚያስፈልገውን ክፍያ በተመለከተም ነገሩን በይሉኝታ ከመሸፈን አስቀድሞ ተነጋግሮ መወሰን ይሻላል። ጦቢት እንኳ ለመንገደኛው በቀን አንድ ድሪም ብሎ ቈርጧል። ደመወዙ ያልተነገረው ልጅ ኋላ «ስለ ድካሜ ነው» እያለ ከኪራዩ መቀነስ ይጀምራል፤ ወንድሞቹም «ሰረቀ» ይላሉ፤ ሁለቱም በልባቸው እውነተኞች ነን ብለው ይጣላሉ።

በወገናችን ዘንድ «አደራ በላ» ከመባል የሚከፋ ስድብ ጥቂት ነው። ሆኖም አደራው ምን ያህል እንደ ነበር በጽሑፍ ካልታወቀ፣ የበላውና ያልበላው ሰው በአንድ ስድብ ይሰደባሉ። ሒሳቡን የጻፈ፣ ሥልጣኑም ተለክቶ የተሰጠው ልጅ ግን በወንድሞቹ ፊት ደብተሩን ዘርግቶ ያለ ፍርሃት መቀመጥ ይችላል።

ወላጆች ልጆቻቸውን ሲወክሉ «እንዴት ትጠራጠሪኛለሽ?» የሚል ቃል ቢሰሙ እንዳይደነግጡ እንመክራለን። ለክተው መስጠታቸው ልጁን መጠርጠር አይደለም። ሊለምን የመጣውን ዘመድ፣ ሊያበድር የመጣውን ነጋዴ፣ በችግር ቀን የሚመጣበትንም ሐሳብ «ወረቀቴ ይህን አይፈቅድልኝም» ብሎ የሚመልስበት መልስ ለልጁ ማስያዝ ነው። በቤታችሁ በሣጥን ውስጥ ወይም በመጽሐፍ መካከል የተቀመጠ የውክልና ወረቀት ካለ፣ በዚህ ሳምንት አውጡትና ልጆች ሁሉ በተሰበሰቡበት ከመጀመሪያው መሥመር እስከ መጨረሻው ድረስ በድምፅ አስነብቡት። ከታሰበው የሰፋ ሆኖ ከተገኘ፣ ሰጪው ገና በሕይወትና በሙሉ አእምሮ ሳሉ ለማጥበብ ጊዜ አለ።